ኤዲት ላይ የማይስተካከሉ ነገሮች፦ በቪዲዮ፣ በድምፅና በአኒሜሽን የክፍል ፕሮጀክት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

«ችግር የለም፣ ኤዲት ላይ እናስተካክለዋለን።» ቀረጻ ላይ የዋለ የተማሪ ቡድን ሁሉ ይህችን ይላታል። እውነት ነው፣ ትንሽ የጨለመ ምስል ይፈካል፤ የተንጋደደ ይቃናል፤ የተንዛዛ ንግግር ይቆረጣል። የተሰነጠቀ ድምፅ፣ ሳይገለበጥ የተደመሰሰ ካርድ፣ በአምፖል ብርሃን የሚርገበገብ ምስል ግን ወይ ከነአካቴው አይድኑም፣ ወይ ለማዳን የሚፈጁት ጊዜ እንደገና ከመቅረጽ ይበልጣል። ከዚህ በታች ረዘም ያለ ቦታ የወሰዱት ስህተቶች ብዙ ፕሮጀክት የበሉት ናቸው።

ካሜራው ላይ ባለው ማይክ መተማመን

ተመልካች ብዥ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። ተናጋሪው ከማይኩ የሚርቅበት ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ገደማ ይወርዳል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ 2 ሜትር ላይ የቆመ ካሜራ የሚቀዳው ሰውየውን ሳይሆን ክፍሉን ነው። ማይክ መግዛት ካልቻላችሁ ሁለተኛ ስልክ የድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ በእንግዳው የደረት ኪስ ውስጥ፣ ማይኩ ወደ ላይ ሆኖ፣ አስቀምጡት። ቀረጻው ሲጀመር ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ላይ ምስሉንና ድምፁን የምትገጥሙት እጆቹ በተጋጩበት ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች በአንዱ) ላይ ነው።

ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ካላችሁ ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ያህል ላይ ይሰካ። እንግዳዋ ነጠላ ወይም ጋቢ ከለበሱ እዚያው ላይ አትሰኩት፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ሸማው ማይኩን ይፈትገዋል። ከውስጥ ባለው ልብስ አንገትጌ ላይ ሰክታችሁ ሽቦውን አንዴ ጠምዝዛችሁ በፕላስተር ያዙት።

በመቅጃው መለኪያ ላይ የድምፁ ልክ፣ ሰው ጮክ ሲል ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል ባለው ውስጥ ይመላለስ። 0ን፣ የመለኪያውን ጣሪያ፣ ከነካ ይሰነጠቃል፤ በዲጂታል ቀረጻ የተሰነጠቀው ክፍል ያልተመዘገበ መረጃ ስለሆነ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይመልሰውም። ሙከራ ላይ እንግዳው ቁርስ ምን እንደበላ በዝግታ ይነግራችኋል፤ ዋናው ጥያቄ ላይ ሲሞቀው ግን ከዚያ በላይ ይጮኻል። ለዚያ ቦታ ተዉለት። ኢርፎን ደግሞ እየቀዳችሁ አድርጉ። ከቀረጻ በኋላ ማዳመጥ መርዶ መስማት ነው።

ስለ ቦታው ጥቂት። በክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቃለ መጠይቅ አትያዙ፤ የግድ ከሆነ ጠዋት አድርጉት፣ አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ የሚያዘወትረው ከሰዓት በኋላ ነውና። ፍሪጅ ይነቀል። ነቅላችሁት እንዳትሄዱ የቤት ቁልፋችሁን ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት። ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ 30 ሰከንድ ቅዱ፤ ንግግር ስትቆርጡ የሚፈጠረውን ጉድጓድ የምትሞሉት በእሱ ነው። ይህችን 30 ሰከንድ የሚዘልላት ቡድን ብዛቱ ያስገርማል።

ፕሮጀክቱን በፍላሽ «ይዞ መምጣት»

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያልቃል። የማቅረቢያው ቀን ይደርሳል፤ ቡድኑ ፍላሹን ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፤ ፕሪሚየር የተባለው የኤዲት ሶፍትዌር ይከፈታል፤ ታይምላይኑ (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር) ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኖ «ሚዲያ ኦፍላይን» ይላል። «ትናንት እኮ ይሠራ ነበር!» አዎ፣ ቪዲዮዎቹ ያሉበት ላፕቶፕ ላይ ይሠራ ነበር። ይዛችሁ የመጣችሁት ፋይል ውስጥ አንዲት ፍሬም ቪዲዮ የለችም! የፕሮጀክት ፋይል የሚይዘው የቆረጣችሁበትን ቦታና ቪዲዮዎቹ የተቀመጡበትን አድራሻ ብቻ ነው። ክብደቱን እንኳ አይታችሁ መጠርጠር ነበረባችሁ፦ 40 ጊጋባይት የቀረጻችሁት ነገር እንዴት በጥቂት ሜጋባይት ይገባል?

ስህተቱ የሚጀምረው ግን በመጀመሪያው ቀን ነው። አንዱ ክሊፕ ከዴስክቶፕ፣ ሌላው ከቴሌግራም ማውረጃ ፎልደር፣ ሦስተኛው በቀጥታ ከተሰካ ሜሞሪ ካርድ ወደ ታይምላይን ይጎተታል። ካርዱ ሲነቀል አድራሻው ይጠፋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ እናት ፎልደር ፍጠሩ፤ በውስጡ ለቪዲዮ፣ ለድምፅ፣ ለሙዚቃ፣ ለሥዕል፣ ለፕሮጀክት ፋይልና ለኤክስፖርት (ተጠናቆ ለሚወጣው ቪዲዮ) የየራሳቸው ፎልደር ይኑር። እዚያ ያልገባ ነገር ታይምላይን ላይ አይወጣም። ስማቸውን በላቲን ፊደልና ያለ ክፍተት ጻፉ፤ አንዳንድ ተጨማሪ ፕሮግራሞች በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፎልደር ሲያጋጥማቸው ይቆማሉ። ወደ ሌላ ማሽን ስትሄዱ እናት ፎልደሩ ሙሉውን ይሂድ። ከረፈደ በኋላ ደግሞ ፕሪሚየር ላይ «ፕሮጀክት ማኔጀር»፣ አፍተር ኢፌክትስ ላይ «ኮሌክት ፋይልስ» የተበተነውን ይሰበስቡላችኋል፤ በአኒሜሽን ሶፍትዌሩ ብሌንደር ውስጥ ደግሞ ሥዕሎቹን ከፋይሉ ጋር ማሸግ ይቻላል።

ፍላሹ ራሱም ወጥመድ አለው። ብዙ ፍላሾች በፋት32 (ፋይሎችን በሚያደራጅ አሠራር) የተዘጋጁ ናቸው፤ ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ፍላሹ 64 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖረው እንኳ። በኤክስፋት ፎርማት ይደረግ፤ ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል። በቴሌግራም የምትላላኩ ከሆነ ቪዲዮውን «እንደ ፋይል» ላኩት። እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ ቡድኑ ሳያውቀው ከፕሮጀክቱ ግማሹን በተጨመቀ ቅጂ ይሠራል። ሜሞሪ ካርዱን ደግሞ ቀረጻው ሁለት የተለያየ ቦታ ተገልብጦ፣ ክሊፖቹም ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ ማንም አይደምስሰው። መገልበጡ መጠናቀቁን የሚያሳየው መስመር ማረጋገጫ አይሆንም።

የፍሬም ፍጥነትን ለዕድል መተው

አንዱ በሰከንድ 24፣ አንዱ 30፣ ሦስተኛው 60 ፍሬም ቀርጾ ይመጣል፤ ታይምላይን ላይ ሲገናኙ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ወስኑ። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ 25 ፍሬምና የ1/50 ሰከንድ ሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ይመረጣል። መብራቶቹ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ በ1/60 ከቀረጻችሁ ምስሉ ላይ የሚንሸራተት ጥቁር ጥላ ይታያል። ስልካችሁ ከ30 ፍሬም በታች አልወርድ ካለ እንኳ ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማሰር ያድናል። አይፎን ላይ 25 ፍሬምን ለማግኘት የካሜራ ቅንብር ውስጥ የፓል (25 ፍሬም የሚጠቀም የቴሌቪዥን ደረጃ) አማራጭን ማብራት ነው፤ አንድሮይድ ላይ ደግሞ የ«ፕሮ» ክፍሉን ተመልከቱ።

ስልኮች ሌላም ጉድ አላቸው፤ ብርሃን ሲያንስ የፍሬም ፍጥነታቸውን በየመሃሉ ይለዋውጣሉ። ውጤቱ ኤዲት ላይ ይታያል፦ መጀመሪያ ላይ የገጠመው ከንፈርና ድምፅ ቀስ በቀስ ይለያያል። እንዲህ ያለውን ክሊፕ ወደ ታይምላይን ከማስገባታችሁ በፊት በነፃው የቪዲዮ መቀየሪያ ሀንድብሬክ «ቋሚ ፍሬም ሬት» መርጣችሁ ቀይሩት።

የካሜራውን «አውቶ» ማመን

ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ወደ ምስሉ በገባ ቁጥር ስልኩ ፊቱን ያጨልማል። ስክሪኑ ላይ ፊቱን ተጭናችሁ በመያዝ ብርሃኑንና ፎከሱን ቆልፉ። የቀለም ሚዛኑንም እሰሩ፤ ለቀን ብርሃን 5600፣ ለቢጫ አምፖል 3200 ኬልቪን ገደማ። መስኮትና ቢጫ አምፖል አንድ ላይ ካሉ አንዱን አጥፉ ወይም ጋርዱ።

ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ደጅ ላይ ፊት አትቅረጹ። በእኛ አገር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትወጣ ዓይን ሥር ጥቁር ጉድጓድ ትሠራለች። የሕንፃ ጥላ ፈልጉ።

ክሊፕን አሳጥሮ መቁረጥ

ሰው መናገር ሲጀምር «ቅዳ» መጫን፣ ሲጨርስ ወዲያው ማቆም፤ በሁለቱም ጫፍ 5 ሰከንድ ካልተረፈ ማሸጋገሪያ የሚሆን ቦታ የለም። የእጅ፣ የዕቃ፣ የበር፣ የመንገድ ምስሎችንም ለብቻቸው 10 ሰከንድ 10 ሰከንድ ውሰዱ። የስልክ ዙም አትንኩ፤ በእግራችሁ ቅረቡ።

ድምፅ ሳይቀዳ አኒሜሽን መጀመር

ተማሪ ሥዕሉን ስለሚወድ ከሥዕል ይጀምራል። ከዚያ ድምፅ የሰጠው ጓደኛው 8 ሰከንድ ይፈጃል የተባለውን ንግግር በ11 ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ የሁለት ሳምንት ሥራ ይፈርሳል። ቅደም ተከተሉ፦ ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ከዚያ በድምፁ ላይ የተደረደሩ ረቂቅ ሥዕሎች፣ በመጨረሻ እንቅስቃሴ። ስትጀምሩም ሒሳብ ሥሩ። በሰከንድ 12 ሥዕል እንኳ ብትሠሩ 3 ደቂቃ ማለት 2160 ሥዕል ነው። ለአንድ ሴሚስተር 30 ሰከንድ፣ 360 ሥዕል፣ ያስከብራል።

የከንፈር እንቅስቃሴ ላይ ደግሞ ለእንግሊዝኛ የተሠራውን የአፍ ሰንጠረዥ እንዳለ መገልበጥ የተለመደ ነው። አያስፈልግም፤ ሰባቱ የፊደል ቤቶች የተሻለ መመሪያ ናቸው። ካዕብና ሳብዕ ከንፈር ያሾላሉ፤ ራብዕ አፍን ይከፍታል፤ ሳልስና ኃምስ ወደ ጎን ይለጥጡታል፤ ግዕዝ ለዘብ ብሎ ይከፈታል፤ ሳድስ ጠባብ ነው፣ ብዙ ጊዜም አናባቢ አልባ ሆኖ ያልፋል። በዚህ ላይ ከንፈር የሚገጥምባቸውን በ፣ መ፣ ፐ እና ጰ፣ እንዲሁም የታች ከንፈር ጥርስ የሚነካበትን ፈ ጨምሩ። ሰባት ስምንት የአፍ ቅርጽ ይበቃል። ተመልካች ስሕተት የሚይዘው በገጠመው ከንፈር ላይ ስለሆነ «በ» እና «መ» ላይ ቢያንስ 2 ፍሬም ዝጉት፤ ሲጠብቅ፣ «ሰበረ» ላይ እንዳለው፣ 4 ፍሬም ድረስ ይቆይ። አፉ ከድምፁ 1 ፍሬም ቀደም ቢል ይሻላል፤ ከዘገየ ግን ወዲያው ያስታውቃል። ከድምፅ የአፍ እንቅስቃሴ የሚያወጣውን ሩባርብን የምትጠቀሙ ከሆነ መነሻ ቅንብሩ ለእንግሊዝኛ ነው፤ «ፎኔቲክ» ወደሚለው ቀይሩት።

ሁለት ኪፍሬም (የእንቅስቃሴው መነሻና መድረሻ ምልክት) አስቀምጦ መሐሉን ለኮምፒውተሩ መተው ሌላው ነው። ዕቃው በእኩል ፍጥነት ይሄድና በድንገት ይቆማል፤ ክብደት የለውም። መነሻና መድረሻውን በኩርባ አለስልሱ።

ፎቶ በፎቶ አኒሜሽን በመስኮት ብርሃን አይሠራም። ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይብለጨለጫል። መጋረጃ ዝጉ፣ ሁለት አምፖል አብሩ፣ የካሜራውን አውቶ ሁሉ አጥፉ፣ የትራይፖዱን እግሮች ከወለሉ ጋር በፕላስተር አጣብቁ።

በቀጥታ ወደ ኤምፒ4 ሬንደር ማድረግ

አንድ ፍሬም ሬንደር ለማድረግ፣ ማለትም የተጠናቀቀ ምስል አድርጎ ለማውጣት፣ 4 ደቂቃ የሚፈጅ የብሌንደር ሥራ ለ10 ሰከንድ፣ ማለትም ለ250 ፍሬም፣ 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል። በዚህ መሐል መብራት አይጠፋም ብሎ የሚወራረድ ካለ ገንዘብ የተረፈው ነው። ኤምፒ4 ፋይል ለመከፈት የሚያስፈልገው ማውጫ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ በመሐሉ ከተቋረጠ የተሠራውም አይከፈትም። ውጤቱን በፒኤንጂ ሥዕሎች አውጡ። መብራት ሲመለስ የመጨረሻውን፣ ምናልባት የተጎዳውን፣ ሥዕል ደምስሱ፤ «ኦቨርራይት» የሚለውን አጥፉና እንደገና አስነሡት፤ ያሉትን እየዘለለ ካቆመበት ይቀጥላል። ሥዕሎቹን በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቪዲዮ ትቀይራላችሁ።

የአማርኛ ጽሑፍ ወደ ሣጥን ሲቀየር

ዩኒኮድ (የፊደላት ዓለም አቀፍ ኮድ) ባልሆኑ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ርዕስ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ኒያላ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ተጠቀሙ፤ የፎንቱን ፋይልም እናት ፎልደሩ ውስጥ አስቀምጡ። የግርጌ ጽሑፍ ፋይል በዩቲኤፍ-8 ይቀመጥ። ሶፍትዌሩ በራሱ የሚያወፍረውን «ቦልድ» ተዉት፤ የፊደሎቻችን ልዩነት በቀጭን ቅጥያ ላይ ስለሆነ ሲወፍር «ጸ» እና «ጽ» ከሩቅ አይለዩም። ወፍራም ካማራችሁ ወፍራም ሆኖ የተሠራ ፎንት ምረጡ።

የሰው ዘፈን

ከዩቲዩብ የወረደ ዘፈን ከሥር ማስገባት ለክፍል ሥራ ብቻ ሲሆን አይፈቀድም ማለት ባይቻልም፣ ኢንተርኔት ላይ ስትጭኑት ግን ሊታገድ ይችላል፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም አለ። ከዩቲዩብ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ውሰዱ፣ ወይም ክራር የሚመታ ተማሪ ጠይቁ። ሙዚቃው ከንግግር ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ ይበል።

በመጨረሻው ሌሊት ኤክስፖርት ማድረግ

ኤች.264 (የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት)፣ 1080 (የምስሉ ቁመት በነጥብ)፣ 25 ፍሬም፣ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ለክፍል ማቅረቢያ ይበቃል፤ የ5 ደቂቃ ሥራ 375 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ከወጣ በኋላ ፋይሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ኤዲት ባልተደረገበት ኮምፒውተር ላይ፣ በኢርፎን እዩት። ንግግሩ በግራ ጆሮ ብቻ ከመጣ ማይኩ አንድ መስመር ላይ ብቻ ቀድቷል ማለት ነው። ላፕቶፕ ስፒከር ላይ አያስታውቅም፤ አዳራሽ ውስጥ ግን በቀኝ በኩል የተቀመጠው ሰው ሙዚቃ ብቻ ይሰማል። ፕሪሚየር ላይ «ፊል ራይት ዊዝ ሌፍት» የሚለውን ክሊፑ ላይ ጥላችሁ እንደገና አውጡት።