በጅማ አዲስ ቤት ሲገቡ፦ ቤቱን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የራስ ለማድረግ

በሥራ ዝውውር፣ በዩኒቨርሲቲው ቅጥር፣ በትዳር ወይም በንግድ ምክንያት ወደ ጅማ የሚመጣ ሰው ቤት ካገኘ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያደርገው የጎደለውን ዕቃ መዘርዘር ነው። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ሶፋ፣ መጋረጃ፣ ፍሪጅ እየተባለ ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ገንዘቡ ግን ከዝርዝሩ ቀድሞ ያልቃል፤ ነዋሪውም ዕቃው እስኪሟላ ድረስ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ወራት ይቀመጣል። እዚህ የምመክረው ቅደም ተከተል ከዚህ የተለየ ነው። በየቀኑ የሚደጋገሙትን ጥቂት ነገሮች፣ ማለትም ደረቅ መኝታን፣ ቡናን፣ የጎረቤት ሰላምታንና የገበያ ቀንን አስቀድሞ ማስተካከል ይሻላል፤ ቁም ሣጥኑ ቆይቶ ይደርሳል።

ከሁሉ በፊት ዝናቡን ማሰብ ያስፈልጋል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ዝናቡም በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ ክረምቱን አልፎ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ስለዚህ ቤቱን ሲያዩ የቀለሙን ውበት ትተው ወደ ላይና ወደ ታች ይመልከቱ። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ የእድፍ ክብ ካለ ከበላዩ ያለው ቆርቆሮ ያፈሳል ማለት ነው፤ ኮርኒስ በሌለው ክፍል ደግሞ በቀትር በርና መስኮት ዘግተው ጣራውን ቢያዩ ቀዳዳው ሁሉ በብርሃን ራሱን ያሳያል። የጭቃ ቤት ከሆነ የግድግዳውን እግር ይመርምሩ፤ ልስኑ ከታች ረግፎ ከሆነ ወይም እንደ ጅማት የተጋደመ የአፈር መስመር ግድግዳውን ይዞ ከወጣ የመጀመሪያው የእርጥበት፣ ሁለተኛው የምስጥ ምልክት ነው። ሁለቱም ውሉ ከመፈረሙ በፊት ከአከራዩ ጋር መነጋገሪያ ይሁኑ እንጂ በኋላ መጨቃጨቂያ መሆን የለባቸውም።

ከገቡ በኋላ አልጋውንም ሆነ የልብስ ሣጥኑን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ማራቅና ከወለሉ ከፍ ማድረግ ሻጋታን በእጅጉ ይቀንሳል። በክረምት ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን አውጥቶ ማስጣት የጅማ እናቶች ሁሉ የሚያውቁት ጥበብ ነው፤ ማታ ፀሐይ የጠገበ ብርድ ልብስ ውስጥ መግባት ምን ያህል እንደሚያስደስት የሚያውቀው እርጥብ ፍራሽ ላይ ያደረ ሰው ነው። በር ላይ ጭቃ መፋቂያ ብረት ወይም ሸካራ ድንጋይ፣ ከዚያ ወዲህ የታጠፈ ጆንያ፣ ከዚያም የጫማ ማውለቂያ ቦታ ያዘጋጁ፤ ቀዩ አፈር ወደ ምንጣፍ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። የቧንቧ ውሃ ሊቋረጥ ስለሚችል አሸንዳውን አስተካክሎ ከሥሩ በርሜል ወይም ሮቶ ማስቀመጥ ለልብስና ለወለል የሚሆን ውሃ ያስገኛል፤ ጣራውን የሚያጥበው የመጀመሪያው ዝናብ ግን ይፍሰስ። አጎበር መዘርጋትም አይርሱ፤ ከተማዋ የወባ ትንኝ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ናት፣ ከክረምት መውጫ በኋላ ያሉት ወራት ደግሞ ይብሳሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። ብርዱና እርጥበቱ ሲበረታ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር መዝጋት የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጭሱ የጠፋ የመሰለ ፍም ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ ሰውም ሳይነቃ በእንቅልፉ ይሞታል። ከሰል የሚቀጣጠለው ውጭ ነው፤ ለቡና ወደ ቤት ሲገባም በርና መስኮት ክፍት ይሁን፣ ከመተኛት በፊትም ምድጃው ይውጣ።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። በእኔ እምነት በጅማ ቤት ውስጥ ከሶፋ በፊት መገዛት ያለባቸው ጀበና፣ ጥቂት ሲኒዎችና ሁለት ሦስት በርጩማዎች ናቸው፤ እነዚህ ካሉ ባዶው ክፍል እንግዳ መቀበል ይችላል። አዲስ ጀበና ግን በተገዛበት ቀን ቡና አይፈላበትም፤ መሟሸት አለበት። መጀመሪያ ውስጡና ውጭው በሚገባ ታጥቦ ውሃ ተሞልቶበት ይደር፤ ጠዋት ከሥሩ የረጠበ መሬት ካገኙ ጀበናው ያፈሳል፣ ወደ ሻጩ መመለሻው ጊዜም ያኔ ነው። ቀጥሎ ከጎረቤት የቡና አተላ ይለምኑ፤ ይህ ልመና ራሱ ጥሩ መተዋወቂያ ነው። አተላውን ከውሃ ጋር ጨምረው በለስላሳ ፍም ላይ ቀስ ብለው ያፍሉ፤ ደፍተው እንደገና ያፍሉ፤ የአፈሩ ሽታ ጠፍቶ የቡናው ሽታ እስኪተካ ድረስ ይድገሙት። ቀዝቃዛ ጀበና በድንገት በሚንቦገቦግ ፍም ላይ ከተጣደ፣ ወይም የጋለ ጀበና ቀዝቃዛ ውሃ ከተጨመረበት፣ ይሰነጠቃል። የእንጀራ ምጣድም እንዲሁ በጎመን ዘር እየታሸ ይሟሻል፤ እርሱ ግን ትዕግሥትና ልምድ ስለሚጠይቅ አንዲት የሠፈር እናት አጠገብ ሆነው ቢያሳዩዎት ይመረጣል።

ጥሬ ቡናን በተመለከተ፣ በቡና አገር መሐል ተቀምጦ የተፈጨ የታሸገ ቡና መግዛት ያሳዝናል። ገበያ ላይ አንድ እፍኝ አንሥተው መጠኑና ቀለሙ ተቀራራቢ መሆኑን ይመልከቱ፣ ያሽትቱት፣ ከዚያ አንዱን ፍሬ በጥርስዎ ይሞክሩት። በደንብ የደረቀ ቡና ጠንካራ ነው፤ ጥርስ የሚያሰምጥ ከሆነ እርጥበት አለው፣ በጆንያ ውስጥ ይሻግታል። የምርቱ ወቅት በአብዛኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ ከጥር ወዲህ የሚገዛው አዲስ ምርት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሲቆሉ ቡናውን አጥበው፣ ምጣዱን አግለው፣ ሳያቋርጡ ያማስሉ፤ ፍሬው መንጣጣት ሲጀምርና ወዙ ፊቱ ላይ ሲወጣ ያውርዱት፣ በምጣዱ ሙቀት ጥቂት መጥቆሩን ይቀጥላልና። ተወቅጦ ከፈላ በኋላ እስኪሰክን መታገስ ያስፈልጋል፤ ያልሰከነ አቦል ቶናውንም በረካውንም ያስነውራል። ለቡና ቁርስ በዚህ አካባቢ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ቆሎ ወይም በወቅቱ የበቆሎ እሸት ይቀርባል፤ በርካሽ የሚገኙና የሚያጠግቡ ናቸው። አንዳንድ ጎረቤት ቡናውን በጨው፣ አንዳንዱም ጤና አዳም ነክሮበት ስለሚወድ ስኳር ከመጨመርዎ በፊት ይጠይቁ።

የመጀመሪያው የጎረቤት ጥሪ ሰፊ ድግስ መሆን አይገባውም። በጅማ መንደሮች ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ፣ በአንድ አጥር፣ አንዳንዴም በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ፤ የሥጋው ዕርድ ግን ለየብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሰው ሥጋ አቅርቦ ግማሹን ጎረቤት ከሚያስቸግር ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ ንፍሮ፣ ሙዝና አቮካዶ አቅርቦ ሁሉንም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ቢያስቀምጥ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ቅቤና ወተት አይግባበት፤ ዓርብ ቀትርም የጁምዓ ሶላት ሰዓት ነው፤ ረመዳን ከሆነ ጥሪው ከፍጡር በኋላ ይሁን። ቄጠማ ጎዝጉዘው ቡናውን ክፍት በር አጠገብ ይቁሉት፣ ከዚያም ልጅ ልከው «ቡና ደርሷል፣ ኑ ብላችኋለች እማማ» ያስብሉ። ከተሰበሰቡት መካከል በዕድሜ የሚበልጡት ለቤቱ ይመርቁ፤ አንደኛው በዱዓ፣ ሌላዋ በጸሎት ቢመርቁ በጅማ የተለመደ ነው፣ ሁሉም «አሜን» ይላል። እርስዎም ሲጠሩ ይሂዱ። ሥራ ቢበዛብዎት እንኳ አቦሉን ጠጥተው ተሰናብተው መነሣት ይቻላል፤ ሁልጊዜ «ነገ እመጣለሁ» የሚል ጎረቤት ግን ቀስ በቀስ መጠራቱ ይቀራል።

አፋን ኦሮሞ የማይችል ሰው ቢያንስ «አካም ቡልተን» ብሎ የማለዳ ሰላምታ መስጠትን፣ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገንንና በገበያ ቁጥር መቁጠርን በመጀመሪያው ወር ይማር። በከተማው አማርኛ በሰፊው ስለሚነገር ያለዚህም መኖር ይቻላል፤ ነገር ግን ከገጠር ቅቤና ማር ይዘው የሚመጡ እናቶች በቋንቋቸው ሲጠየቁ የሚሰጡት ፈገግታና ምራቂ ሌላ ነው።

የሐሙስ ገበያን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የራስዎ ያድርጉ። ሂርማታ የተባለው የጅማ ገበያ፣ ከተማዋ ዘመናዊ መልክ ከመያዟ በፊት፣ በጅማ ነገሥታት ዘመን፣ ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ስመ ጥር የሐሙስ ገበያ ነበረ፤ ዛሬም ሐሙስ ከሌሎቹ ቀናት የደመቀ ነው። ማለዳ ይሂዱ። በመጀመሪያው ጉዞ ብዙ መግዛት አያስፈልግም፤ ዞር ዞር ብሎ ዋጋ መጠየቅ፣ ማሩን መቅመስ፣ ኮረሪማውን ማሽተት፣ የቅቤ ደንበኛ መምረጥ ይበቃል። ኮረሪማ ሲገዙ ቅርፊቱ ያልተበሳ፣ ሲያንቀሳቅሱት ፍሬው ውስጡ የሚንኳኳ ይሁን። ከተቻለ ጎረቤት ይዘው ይውጡ፤ የባጃጁንም የሽንኩርቱንም ትክክለኛ ዋጋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያውቁታል።

በርጩማውም ከዚህ ከተማ የእጅ ሥራ የሚመረጥ ነው። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ እንጂ በምስማር የሚገጣጠም አይደለም፤ ስለዚህ እግሩ አይላቀቅም፣ ባልተስተካከለ ወለል ላይም አይወዛወዝም። ሲገዙ ገልብጠው እግሩ ከመቀመጫው የሚጋጠምበትን ቦታ ይዩ፤ እዚያ ቀጭን የፀጉር መስመር የመሰለ ስንጥቅ ካለ እንጨቱ ሳይደርቅ ተጠርቧል ማለት ነው፣ ሲደርቅም ይሰፋል። ቤት ከገባ በኋላ ከቀጥታ ፀሐይና ከምድጃ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ አልፎ አልፎም ዘይት በነካ ጨርቅ ይወልወል።

ቅዳሜና እሑድን ዕቃ በማስተካከል ብቻ አይጨርሱት። አንዱን ቀን ከመሐል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ጂሬን ኮረብታ ይውጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ድረስ ጅማን ያስተዳደሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። የእንጨት በረንዳውን ካዩ በኋላ ቆም ብለው ወደ ታች ቢመለከቱ ከተማዋ በአረንጓዴ ተከብባ ትታያለች፣ የገቡበት ሠፈር የት እንደሚገኝም በዓይን ይለያሉ። ሌላውን ቀን በአዲስ አበባ መንገድ በኩል ወዳለው ወደ ቦዬ ረግረግ ይሂዱ፤ ለወፎቹ ማለዳው ይመረጣል፣ ጉማሬ ስላለ ግን ከውሃው ዳር መራቅና የአካባቢውን ሰው ምክር መስማት ግድ ነው።

ግቢ ካለዎት፣ ጠባብም ቢሆን፣ አንድ ነገር ይትከሉ። ጠጅ ሣርና በሶብላ ከጎረቤት ተገንጥለው ወይም ዘራቸው ተለምኖ በአንድ ክረምት ለሻይና ለወጥ ይደርሳሉ። የቡና ችግኝ በሰኔና በሐምሌ ጥላ ባለበት ቦታ ቢተከል ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ተከራይ ነኝ ብለው አይተዉት፣ አከራዩን አስፈቅደው ይትከሉት። ግቢው ውስጥ የቆየ የቡና ተክል ካገኙ ደግሞ አይቁረጡት። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቅርንጫፉ ሁሉ በነጭ አበባ ይሸፈናል፣ ሽታውም እስከ መኝታ ክፍል ይደርሳል፤ አበባው የሚቆየው ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት መስኮት መክፈት አይርሱ።

የወረቀቱ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም አጭር ነው። የኪራይ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በገቡበት ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባብ ከአከራዩ ጋር ሆነው ይመዝግቡ፣ የቀድሞው ነዋሪ ዕዳ አለመኖሩን በደረሰኝ ያረጋግጡ። ከመጡበት ቀበሌ መሸኛ ማውጣት ከጉዞ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ እዚህ ከደረሱ በኋላ ለእርሱ ብቻ መመላለስ ያደክማል።

የመጨረሻው እድር ነው። ብዙ አዲስ ነዋሪ «ገና መጤ ነኝ» እያለ ያቆየዋል፤ እኔ ግን በሁለተኛው ወር መግባትን እመክራለሁ። የሠፈሩን እድር ዳኛ ወይም ጸሐፊ ጎረቤት ያሳይዎታል፤ መመዝገቢያውንና ወርኃዊ መዋጮውን፣ የስብሰባውን ቀን፣ የቀብርና የለቅሶ ቤት ተራውን እንዲሁም ያልተገኘ ሰው የሚከፍለውን ቅጣት አስቀድመው ይጠይቁ። ከተመዘገቡ በኋላ ድንኳን የሚተከልበት ለቅሶ ቢኖር ሟቹን ባያውቁት እንኳ ይሂዱ፤ ወንበር ያውጡ፣ ውሃ ይቅዱ፣ ከሐዘንተኞቹ ጋር ጥቂት ይቀመጡ። ከዚያ ቀን በኋላ በመንገድ ላይ ሰላም የሚልዎት ሰው ቁጥር እንደሚጨምር ያያሉ።