ማርሹ ሞዞ ውስጥ የተደበቀ ሳይክል፦ ችግሩና መፍትሄው

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ከፖሊ እስከ ጊዮርጊስ፣ ከግሽ ዓባይ ድልድዩን ተሻግሮ እስከ ዓባይ ማዶ በፔዳል የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው። ከሳይክሎቹ መካከል ውጭ አገር አገልግለው የመጡ አሉ። የኋላ ጎማቸው ላይ አንድ ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት ባለጥርስ ክብ ብረት) ብቻ ይታያል። መሪያቸው ላይ ግን 1፣ 2፣ 3 የሚል መቀየሪያ አለ። ማርሻቸው ያለው የኋላው ሞዞ (የጎማው እምብርት) ውስጥ ነው።

ማርሹ አንድ ቀን እምቢ ይላል። ባለቤቱ “ውስጡ ተበልቷል” ይላል። መለዋወጫ አይገኝም ይባላል። ከዚያ ሞዞው ወጥቶ በተራ ሞዞ ይተካል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ስተርሜይ አርቸር ኤ ደብልዩ የሚባለው ባለ 3 ማርሽ ሞዞ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። በየዘመኑ የተሠሩት ዛሬም ይሽከረከራሉ። በብዙዎቹ አሮጌ ሞዞዎች ላይ የተሠሩበት ዓመት ተቀርጿል፤ አቧራውን ወልውሉና አንብቡት። ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥ ሞዞ ልታገኙ ትችላላችሁ። እንዲህ ያለ ዕቃ ገመዱ ስለላላ ብቻ አይጣልም።

በእኔ እምነት አብዛኛው የእነዚህ ሞዞዎች ችግር ከውጭ ነው፤ ገመድ፣ ዳዶ፣ ካቴና ወይም ውሃ። ስለዚህ ከውጭ ያለውን ሳትጨርሱ ውስጡን አትክፈቱ።

መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ። በቀኝ በኩል ካለው ዳዶ ውስጥ ቀጭን ሰንሰለት የሚወጣ ከሆነ ስተርሜይ አርቸር ወይም የእሱ ዓይነት ነው። በቀኝ በኩል ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ካለችው ሺማኖ ኔክሰስ ባለ 3 ነው። በጥርሱና በሳይክሉ አካል መሀል ገመድ የሚጠመጠምበት ክብ ቀለበት ካለ ደግሞ ኔክሰስ ባለ 7 ወይም ባለ 8 ነው።

ፔዳሉ ድንገት ባዶ ይዞራል

ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው። ቆማችሁ እየረገጣችሁ ከሆነ እግራችሁ ይወርዳል፣ ደረታችሁ ከመሪው ጋር ይጋጫል። እስኪስተካከል ድረስ ቁጭ ብላችሁ ብቻ ንዱ።

ስተርሜይ ላይ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገመዱ ሲላላ 3ኛ ማርሽ ይገባል፣ ሲወጠር 1ኛ ይገባል፣ 2ኛ መሀል ነው። በአሮጌዎቹ በ2ኛና በ3ኛ መካከል ግን ምንም የማይይዝ ባዶ ቦታ አለ። 2ኛ ላይ እያላችሁ ባዶ ከዞረ ገመዱ ላልቷል። 3ኛ ላይ እያላችሁ ባዶ ከዞረ ደግሞ ገመዱ ከመጠን በላይ ተወጥሯል፣ ወይም ሽፋኑ ውስጥ ተይዞ አልመለስ ብሏል። የትኛው ማርሽ ላይ እንደሚለቅ ብቻ አስተውሉ፤ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ ማለት ነው።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። መቀየሪያውን 2ኛ ላይ አድርጉ። ፔዳሉን ትንሽ አዙሩ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ የቀኙን ረጅም ዳዶ ተመልከቱ፤ ጎኑ ላይ ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው ውስጥ ቀጭኗ ሰንሰለት ወደ ሞዞው ከምትገባው ቀጭን ዘንግ ጋር የምትገናኝበት ትከሻ ትታያለች። ያ ትከሻ ከፔርኖው (ጎማው ከሚዞርበት የመሀል ብረት) ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ወደ ውጭ ከወጣ ገመዱን አላሉ፣ ወደ ውስጥ ከገባ አጥብቁ። ማስተካከያው በሰንሰለቷ ጫፍ ያለችው በጣት የምትዞር በርሜል ናት። ስትጨርሱ ትንሿን መቆለፊያ ዳዶ አጥብቁ፤ አለበለዚያ በኮብልስቶን መንገድ ሁለት ቀን አትቆይም።

አስተካክላችሁ ነገ ተመልሶ ከላላ ሁለት ቦታ እዩ። አንደኛው ዘንጓ ናት። እስከ መጨረሻው በእጅ ጠምዝዛችሁ ካስገባችሁ በኋላ ሰንሰለቷ ወደ ገመዱ አቅጣጫ እንድትዞር ቢበዛ ግማሽ ዙር ብቻ መመለስ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመች ምንም ብታስተካክሉ አይረጋም። ሁለተኛው የሳይክሉ አካል ላይ የገመዱን ሽፋን የሚይዘው ቀለበት ነው። ቡሎኑ ሲላላ ቀለበቱ በቀስታ ይንሸራተታል፣ ገመዱም አብሮ ይላላል። ቀለሙ የተፋቀበት መስመር ካያችሁ ሌባው እሱ ነው። ከሥሩ ቀጭን የካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልሉና አጥብቁት።

ኔክሰስ ባለ 3 ላይም የሚስተካከለው 2ኛ ላይ ነው። የፕላስቲክ ሳጥኗ መስኮት አላት። በመስኮቱ የሚታየው ባለቀለም ምልክት በሁለቱ መስመሮች መካከል መግባት አለበት። ሳይክሉ በቀኝ ጎኑ ከወደቀ ሳጥኗ ትጣመማለች ወይም ትሰነጠቃለች፤ መጀመሪያ እሷን እዩ። ባለ 7 እና ባለ 8 ከሆነ 4ኛ ላይ አድርጉና ቀለበቱ ላይ ያሉት ሁለት ባለቀለም ምልክቶች በአንድ መስመር እስኪገጥሙ ድረስ መሪው ጋ ያለውን ማስተካከያ አዙሩ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ስተርሜዩ 1ኛ ላይ ብቻ የሚዘል ከሆነ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥፍሮች በደረቀ ዘይት ተጣብቀው ሊሆን ይችላል፤ ስለ ዘይት የምለውን አንብቡ። ገመዱ ልክ ሆኖ 3ኛ ላይ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ግን ውስጡ ያለው መያዣ ጠርዙ ተበልቷል። ያኔ መክፈት ተገቢ ነው።

ጎማ ካስለጠፍኩ ወዲህ ማርሹ ጠፋ

ተማሪው “ጋሼ፣ ማርሹ ሞተ” ይላል። ሥራውን የሚያውቅ ሠሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ጎማ አስለጥፈህ ነበር?” ብሎ ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ጎማው ሲወጣ ገመዱ ይፈታል። ሲመለስ ጎማው ከነበረበት ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይገባል። ያቺ ትንሽ ልዩነት የገመዱን ውጥረት ትቀይራለች። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ካቴናውን አስተካክሉ፤ መሀሉን በጣት ስትጫኑት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። ድርቅ ብሎ ከተወጠረ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ቀጥሎ ጎማውን መሀል አድርጋችሁ ዳዶዎቹን አጥብቁ። የማርሹ ገመድ መጨረሻ ነው።

ከዚህ የባሰው የሮንዴላ ጉዳይ ነው። በፔርኖው በሁለቱም በኩል ጥርስ ያላቸው ሮንዴላዎች አሉ። ጥርሳቸው የሳይክሉ አካል ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ፔርኖው እንዳይዞር ይይዛል። ተራ ሞዞ ስለማያስፈልገው አንዳንዱ ሠሪ ትርፍ ነገር መስሎት ያስቀራቸዋል። ያለ እነሱ ግን ስትረግጡ ፔርኖው ራሱ ይዞራል፣ ገመዱን ይጎትታል፣ ዳዶውን ይፈታል። ጎማ ልታስለጥፉ ስትሰጡ ሮንዴላዎቹን አሳዩት፣ ስትረከቡም ቁጠሩ።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ጎማውን አለማውጣት ነው። የተበሳውን ቦታ ካወቃችሁት የጎማውን አንድ ጎን ብቻ ከቸርኬው አውጡ፣ ካላማዳሪውን በዚያ በኩል ስባችሁ ለጥፉት፣ መልሱት። ሳይክሉ ተገልብጦ ይቆማል፣ ሞዞው አይነካም። የለጣፊው ሥራም ይቀላል።

መቀየሪያው ደነደነ፣ ማርሹ አልመለስ አለ

ይህ የክረምት በሽታ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃው በገመዱ ሽፋን ጫፍ ይገባል፣ ሽቦው ውስጡ ይዝጋል። ስትስቡት ይሄዳል፣ ስትለቁት አይመለስም። ገመዱን ከሞዞው በኩል ፈቱና በእጅ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። ከከበደ ችግሩ ሞዞው አይደለም። ጥቂት ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉበት። ክሩ መበጣጠስ ከጀመረ ደግሞ ቀይሩት። በልኩ የተሠራ ካላገኛችሁ የሳይክል ፍሬን ገመድ ጫፉን አስተካክሎ የሚሠራላችሁ ሰው አይጠፋም።

ይጮኻል

ስተርሜይ 2ኛ እና 3ኛ ላይ ስትረግጡ “ጥክ ጥክ” ይላል፣ 1ኛ ላይ ዝም ይላል። ይህ ጤናው ነው። አትንኩት። የሚያሳስበው የመፋጨት ወይም የመሰባበር ድምፅ ነው። ያንን ከሰማችሁ መንዳት አቁሙ፤ የተሰበረች ቁራጭ ውስጥ ከዞረች የቀሩትን ጥርሶች ትፈጫለች።

ማርሹ ዘግይቶ ይገባል፣ ጠዋት ጠዋት ይዘላል

አሮጌ ስተርሜይ ከሆነ ሞዞው ላይ ትንሽ ክዳን ያላት የዘይት ቀዳዳ ፈልጉ። ደርቆ የከረመ ሞዞ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀጭን የሞተር ዘይት ጠጥቶ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሲነቃ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። የኑግ ዘይት ወይም ሌላ የምግብ ዘይት በፍጹም አታስገቡ። ይደርቃል፣ ሙጫ ይሆናል፣ ጥፍሮቹን ያጣብቃል። ከመጠን በላይ ብታፈሱም ትርፉ ቸርኬው ላይ ወጥቶ ፍሬን ያሳጣችኋል።

ኔክሰስ ቀዳዳ የለውም፣ የሚሠራው በግራሶ ነው። ባለ 8 የሆነው በ2 ዓመት አንዴ ወይም በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ውስጡ ወጥቶ በልዩ ዘይት መነከር አለበት። እዚህ ያን ዘይት ማግኘት ከባድ ነው። ቢያንስ ግን ውሃ አታስገቡበት። ሐይቁ ዳር ከባጃጅ ጋር አሰልፋችሁ በግፊት ውሃ አታሳጥቡት፤ ውሃው በፔርኖው ጎን ይገባል። በጨርቅና በባልዲ እጠቡት። ከሞዞው ጫፍ ዝገት የመሰለ ውሃ ከወጣ፣ ወይም ግራሶው ወተት መስሎ ከነጣ፣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ያኔ ተከፍቶ፣ በናፍጣ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ አዲስ ግራሶ መቀባት አለበት። ክረምቱ እስኪወጣ ልቆይ አትበሉ።

ጎማው ይወላገዳል፣ ወይም ፔዳሉ ራሱ ይዞራል

ቸርኬውን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁ። የሚንቋቋ ከሆነ ኮኖው (ኩሽኔታውን የሚይዘው ሾጣጣ ዳዶ) ላልቷል። ሳትረግጡ ስትሄዱ ፔዳሉ ራሱ ወደ ፊት የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ኮኖው ጠብቋል። የሚስተካከለው በግራ በኩል ብቻ ነው፤ ስተርሜይ ላይ የቀኙ የውስጡን አቀማመጥ ስለሚወስን አትንኩት። የግራውን መቆለፊያ ፈቱ፣ ኮኖውን በጣት እስኪይዝ አጥብቁ፣ ከዚያ ሩብ ዙር መልሱና ቆልፉ። ቸርኬው ላይ በጭንቅ የምትታይ እንቅስቃሴ መቅረት አለባት።

ወደ ኋላ የሚረገጥ ፍሬን

ፍሬኑ ሞዞው ውስጥ ከሆነ በግራ በኩል ከሳይክሉ አካል ጋር በቀለበት የሚታሰር የብረት ክንድ አለ። ጎማ በወጣ ቁጥር የክንዱ ቡሎን ካልታሰረ ፍሬን ስትይዙ ክንዱ ይዞራል፣ ጎማው ሊቆለፍ ይችላል። ከመንዳታችሁ በፊት በእጃችሁ ነቅንቁት።

ከበዛዊት ኮረብታ ስትወርዱ ደግሞ ይህን ፍሬን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ሞዞው ይግላል፣ ግራሶው ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ይጮኻል ወይም በድንገት ይይዛል። የፊቱን ፍሬን አግዙት። ግራሶው ከተቃጠለ የሚተካው ሙቀት በሚችል ግራሶ ነው፤ ተራው ቶሎ ይቀልጣል።

ሁሉም ማርሽ ይከብዳል

ይህ ብልሽት አይደለም። ስተርሜይ ላይ ጥርሱ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው በ1ኛው የዙሩን 75 በመቶ፣ በ2ኛው 100፣ በ3ኛው 133 በመቶ ይዞራል፤ 2ኛው በቀጥታ ስለሚያስተላልፍ ከሁሉም ያነሰ ኃይል ያባክናል። ጤፍ ወይም ሰው ጭናችሁ 1ኛውም ከከበዳችሁ ሞዞውን ትታችሁ የኋላውን ጥርስ ቀይሩ። የሚይዘው አንድ የሽቦ ቀለበት ብቻ ነው፣ በካቻቢቴ ይነሳል። ቀለበቱ ስለሚፈናጠር ዓይናችሁን ጠብቁ፣ ጨርቅ አልብሱት። 18 ጥርስ ያለውን በ22 ስትተኩት ሁሉም ማርሽ 18 በመቶ ያህል ይቀላል። ስተርሜይና ሺማኖ ባለ 3 የሚጠቀሙት በመሀሉ ቀዳዳ ሞዞውን የሚይዙ ሦስት ጉጦች ያሉት ዓይነት በመሆኑ ብዙውን ጊዜ የአንዱ ለሌላው ይሆናል። ጥርሱ በጎን ጎበጥ ያለ ከሆነ ድሮ በነበረበት ጎን መልሱት፤ ከተገለበጠ ካቴናው ይጣመማል። ካቴናውም አጭር ስለሚሆን አንድ ሁለት ዓይን ጨምሩበት። ጎማው ቦታውን ስለሚቀይር መጨረሻ ላይ ገመዱን 2ኛ ላይ አድርጋችሁ እንደገና በቀዳዳው እዩት።