«ግርማዊ» የሚባለው ማን ነው? «ግርማ»ስ ያለው ምን?

አስጎብኚ ሆኜ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ፋሲል ግንብ ፊት ቆሜ ለአንድ ቤተሰብ «ይህ ግርማዊ ግንብ...» እያልኩ ሳስረዳ፣ ጋቢ የደረቡ አባት ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ግርማዊስ ንጉሡ ናቸው፤ ግንቡን ግርማ አለው በለው» አሉኝ። ዛሬ አዳዲስ ልጆች ለልምምድ አብረውኝ ሲወጡ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

«ግርማዊ» ዘውድ ከጫነ ሰው ስም ፊት የሚገባ የማዕረግ ቅጽል ነው፦ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ግርማዊት እቴጌ መነን። ስም ሳትጠራ ስታወራ «ግርማዊነታቸው» በል፤ ግሱንም አብረህ አክብረው፣ «መጡ፣ አዘዙ» እንጂ «መጣ» አይባልም። ፊት ለፊት «ግርማዊነትዎ» ነው፤ በሕዝቡ አፍ ደግሞ «ጃንሆይ»። ለንጉሥ ልጅ «ልዑል»፣ ለሚኒስትር «ክቡር» አለልህ።

ግንቡ ጋ ስትደርስ ግን «ግርማ» የሚለውን ስም ያዝ። ቃሉ የግእዝ ነው፤ ውስጡ ፍርሃት አለበት። «ግሩም»ም «መገረም»ም ከዚያው ሥር የወጡ ናቸው። በገድል ላይ መናኙ «ግርማ ሌሊቱን ታግሦ» ሲባል የሌሊቱን አስፈሪነት ማለት ነው። ስለዚህ ትልቅ የሆነ ነገር ሁሉ ግርማ አለው ማለት አይደለም። አዲሱ ፎቅ «ግዙፍ» ይበቃዋል። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሩ በኋላ ያሠሩት ግንብ ግን ቁመቱ 32 ሜትር ያህል ነው፤ በአራቱ ማዕዘን ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች አሉት። ማለዳ ፀሐይ ቡናማውን ድንጋይ ስትነካው፣ ሲያወራ የገባ እንግዳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያኔ «ግርማው ያስፈራል» ብትል ቃሉ ቦታውን አገኘ።

«ግርማ ሞገስ» አጣምረህ የምትለው ሁለቱም ሲኖሩ ብቻ ነው። ግርማ ራቅ ብለህ እንድትቆም ያደርግሃል፤ ሞገስ ያቀርብሃል፣ ያስወድዳል። ይህን ለማስረዳት ልጆቹን እዚያው ጎንደር ወዳለው ቁስቋም ይዣቸው እወጣለሁ። እዚያ ቤተ መንግሥት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር፤ ሞገስዋ ብርሃን የሆነ እንደ ማለት ነው። ፍርስራሹ መሀል ቆመን እያንዳንዳቸው ስለ እቴጌዪቱ አንድ ዓረፍተ ነገር በ«ግርማዊት»፣ ስለ ግድግዳው ደግሞ አንድ በ«ግርማ» እንዲናገሩ አደርጋለሁ። ሳያምታቱ ከተናገሩ በማግስቱ እንግዳ አስረክባቸዋለሁ።