የደብዳቤ ሳጥኑ ላይ የአያታችሁን ስም ለጥፉ

ጀርመን ለትምህርት ለመጣችሁ፣ በተለይ ሻንጣችሁን ገና ላልፈታችሁ። ስለ ብርዱና ስለ ቋንቋው ሰው በደንብ አስፈራርቷችኋል። እኔ የማወራው ሕንፃው መግቢያ ላይ ስለተደረደሩት የቆርቆሮ ሳጥኖች ነው።

አገር ቤት ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም። ፖስታ ሣጥን ቁጥር ያለው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ እኛ ስልክ እንደውላለን። እዚህ ግን ኑሮ የሚመጣው በፖስታ ነው። የባንክ ካርዱ በአንድ ፖስታ፣ የሚስጥር ቁጥሩ ከቀናት በኋላ በሌላ ፖስታ። የጤና መድን ካርዱም፣ የግብር መለያ ቁጥሩም እንደዚያው። ብዙ ሕንፃዎች ውስጥ ደግሞ አፓርታማው ቁጥር የለውም። አድራሻችሁ መንገዱና የሕንፃው ቁጥር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፖስተኛው የሚፈልገው ስም ነው። ሳጥኑ ላይ ስሙን ካጣ ደብዳቤውን ወደ ላከው ይመልሰዋል።

የትኛውን ስም? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እኔ የገባሁ ዕለት የራሴን ስም በሚያምር ጽሑፍ ጽፌ ለጠፍኩ። ሰው የሚጠራኝ በሱ ነዋ! ከዚያ የባንክ ካርዴን ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ለካ የተላከው በአያቴ ስም ነው። መጥቷል፣ አያቴን ፈልጓል፣ አጥቷል፣ ተመልሷል። ፓስፖርታችሁ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የተጻፈውን እዩ፤ ብዙዎቻችን ጋ የአያት ስም ነው። እዚህ አገር እናንተ ማለት እሱ ናችሁ። ሳጥኑም ላይ፣ የበሩ ደወልም ላይ እሱን ጻፉ፤ የራሳችሁን ከፈለጋችሁ ከጎኑ ጨምሩ። ሐኪም ቤትም «ሄር» (አቶ) ወይም «ፍራው» (ወይዘሮ) ብለው አያታችሁን ሲጠሩ ተነሱ። እኔ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ ተራዬን አሳልፌያለሁ።

ስሙ ከተለጠፈ ቀጣዩ አንሜልዱንግ ነው፣ የአድራሻ ምዝገባ። ሕጉ ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመዝገቡ ይላል። ፓስፖርትና አከራዩ «እዚህ ይኖራል» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ይዛችሁ ነው ወደ ከተማው የነዋሪዎች ምዝገባ ቢሮ የምትሄዱት። ያለዚያ ወረቀት አይሆንም፤ የቤት ውል ብቻ አይበቃም። ስለዚህ ክፍል ስትከራዩ ከዋጋው ቀጥሎ የምትጠይቁት «አንሜልዱንግ ይቻላል ወይ?» ነው። «አይቻልም» ካሉ ለጥቂት ቀን ማረፊያ ካልሆነ በቀር አትግቡ። ቤቱን ሳታዩ ገንዘብ ላክ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ሌባ ነው፤ አትከራከሩት። መያዣ ገንዘብም ገደብ አለው። ማሞቂያና ውሃ የመሳሰለው ሳይጨመር ከሦስት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም።

ለምዝገባው ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ያስፈልጋል። ትልልቅ ከተሞች ላይ ቶሎ አይገኝም፤ አውሮፕላን ሳትሳፈሩ ጀምራችሁ ፈልጉ። ሰዓቱን ደግሞ በቁጥር አስጽፉ። እኔ «ሃልብ ጼን» ተባልኩ። ሃልብ ግማሽ፣ ጼን አሥር። አሥር ተኩል ነው ብዬ ተረጋግቼ ቁርሴን በላሁ። ጀርመኖች ግን ሃልብ ጼን ሲሉ አሥር ሊሞላ ግማሽ ሰዓት የቀረው ማለታቸው ነው፤ ዘጠኝ ተኩል፣ በእኛ ሦስት ሰዓት ተኩል። አንድ ሰዓት አርፍጄ ደረስኩ። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ ስክሪኑን አዙራ ቀጣዩን ክፍት ቀን አሳየችኝ። ከአንድ ወር በኋላ ነበር።

ገንዘብ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በሽፔርኮንቶ፣ ለቪዛው ብላችሁ ገንዘብ አስቀድማችሁ በምታስገቡበትና በየወሩ ጥቂት ጥቂት በሚለቀቅበት ዝግ ሒሳብ ነው። ይህን ስጽፍ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ይጠየቃል፤ የሚለቀቀውም በወር 992 ዩሮ ነው። ግን እዚህ የራሳችሁን ሒሳብ ካልከፈታችሁ አይንጠባጠብም። ባንኩ ደግሞ የአድራሻ ምዝገባውን ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ያዙ። ሥራ ይፈቀዳል፣ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን። ቪዛው ላይ ያለውን የመጨረሻ ቀን ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ ሙሉበት፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ማመልከቻ ከዚያ በፊት መግባት አለበት። ዕድሜያችሁ 30 ከሞላ የተማሪ የጤና መድን ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይሠራ ሳትመጡ አጣሩ።

ቅዳሜ ማታ የምትደርሱ ከሆነ የሚበላ ነገር ያዙ። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፤ የሚከፈት ካለም ባቡር ጣቢያው አካባቢ ነው።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚል መስሎኝ ነበር። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ ነው፤ በወር 18.36 ዩሮ። «ቴሌቪዥን የለኝም» ማለት አያድንም። የሚከፈለው ግን በቤት ነው፤ አብሯችሁ የሚኖር ሰው እየከፈለ ከሆነ የእሱን የክፍያ መለያ ቁጥር ጽፋችሁ መልሱ እንጂ ዝም አትበሉ። ከፍርድ ቤት ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚላክ ቢጫ ፖስታ ከመጣ ደግሞ ፖስታውንም አትጣሉ። ላዩ ላይ ፖስተኛው ቀን ይጽፍበታል፤ መልስ የመስጫው ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ከገባ ደርሷችኋል ማለት ነው፤ አላየሁትም አይሠራም። ያልገባችሁን ደብዳቤ የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይዛችሁ ሂዱ፣ አይሰለቻቸውም።

ቤት ስትቀይሩም እንደገና በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለ። ለባንኩ፣ ለጤና መድኑና ለዩኒቨርሲቲው አዲሱን አድራሻ ንገሩ። ቤቱን ለሚረከበው ሰው ካላስቸገረ ስማችሁ ድሮው ሳጥን ላይ ጥቂት ሳምንት እንዲቆይ ለምኑት።