100 ኪሎ እሸት ቡና የት ይገባል?

ቡና ማጠቢያ ጣቢያ መዝገብ ያዥ ነኝ። ገበሬው «100 ኪሎ እሸት አስረክቤ ምነው ጥሬው 16 ኪሎ ብቻ ሆነ?» ሲለኝ ሰንጠረዥ አላወጣም። የሳንኪ ስዕል እስላለሁ፤ የቀስቱ ስፋት የሚፈሰውን ነገር መጠን የሚያሳይበት ስዕል ነው። ስሙ በ1898 እ.ኤ.አ. የእንፋሎት ሞተርን የኃይል ፍሰት እንዲህ ከሳለው ካፒቴን ሳንኪ የመጣ ነው።

ባለካሬ ወረቀት አምጡ። 1 ኪሎ በ1 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከግራ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀስት ይነሳል፤ እሸቱ ነው። ሲፈለፈል፣ ሲታጠብና ሲደርቅ 80 ያህሉ ልጣጭ፣ ሙጫና ውሃ ሆኖ ይሄዳል። ይህን ወደ ታች እጠፉት። 20ው ከነቅርፊቱ ደረቅ ቡና ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቀጥላል። ቅርፊቱ ሲነሳ 4 ይቀነሳል፤ 16 ጥሬ ቡና ይቀራል። (ቁጥሩ እንደ ቡናው ከፍ ዝቅ ይላል።)

የገባው ከወጣው እኩል መሆን አለበት። የወጡትን ቀስቶች ስፋት ደምሩ። ካልገጠመ ወይ ሚዛኑ ወይ መዝገቡ ችግር አለበት። ስዕሉን የምወደው ለዚህ ነው፤ ሌባም ያጋልጣል። ኪሎና ብር ግን በአንድ ስዕል አትቀላቅሉ። ቀለምም አታብዙ።

በኮምፒውተር ከሆነ ሳንኪማቲክ የተባለው ድረ ገጽ በነፃ ይሠራል። በየመስመሩ «እሸት [20] ደረቅ ቡና» እያላችሁ ጻፉ፤ ቀስቱን ራሱ ይስላል።