የተገዛ ፀጉር ቤት ማስኬድና መደርደሪያውን መሙላት፦ ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንደሚሠራ

ፀጉር ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው መስተዋቱ፣ ካስኩና መታጠቢያው ላይ ነው። ገቢውን የሚያመጣው ግን የሠሪዎቹ እጅ ነው፤ ደንበኛ የለመደችውን እጅ ተከትላ ትሄዳለች። ቀበሌ 14 ያለ ቤት ተሽጦ ዋናዋ ሠሪ ሁለት በር አልፋ ሌላ ቤት ብትገባ፣ ገዢው ቅዳሜን ከመስተዋቱ ጋር ተፋጦ ይውላል።

1. ከመፈረም በፊት

ንግድ ፈቃድ ከቤቱ ጋር አይሸጥም። ሻጩ የራሱን ይመልሳል፣ እርስዎ በስምዎ ያወጣሉ። ሻምፖና ቅባት ለመሸጥ ካሰቡ የመዋቢያ ዕቃ ችርቻሮ ዘርፉንም ያኔውኑ ያስገቡ፤ በፀጉር ሥራ ፈቃድ ብቻ መሸጥ ከዘርፍ ውጭ መነገድ ይሆናል። ከሻጩ የግብር ክሊራንስ፣ የተከፈለ የመብራትና የውኃ ቢል ይቀበሉ። ለሻጩ «የቁልፍ» ብለው የሚከፍሉት ገንዘብ የቤቱን ባለቤት አያስገድደውም፤ ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር አዲስ የኪራይ ውል ሳይፈራረሙ ቀብድ አይስጡ።

ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ያነጋግሩ፦ በደመወዝ ነው በፐርሰንት የሚሠሩት? ስንት ዓመት ቆዩ? ያልወሰዱት የዓመት ዕረፍት አለ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የድርጅት ባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን አያቋርጥም። ያልተከፈለው ሁሉ ወደ እርስዎ ሊመጣ ስለሚችል አስልተው ከመግዣው ዋጋ ያስቀንሱ። የጡረታ መዋጮውንም ይጠይቁ፤ 7 በመቶ ከሠራተኛዋ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ነው።

2. መብራትና ውኃ

እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻ ሰክቶ «ይሠራል» ማለት አይበቃም። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለ30 ደቂቃ ያስነሱ። በየዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ዋት ደምረው ለ220 ያካፍሉ፦ ባለ 1,000 ዋት ሁለት ካስክና ባለ 2,000 ዋት ሁለት ፎን 6,000 ዋት ናቸው፣ ወደ 27 አምፔር ይስባሉ። 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና ባለ 16 አምፔር ብሬከር ያለው አንድ መስመር ይህን አይችልም። ብሬከሩ ሲወርድ በትልቅ መቀየር የተለመደ ጥፋት ነው። ያኔ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ይግላል። መስመሩን ለሁለት ያስከፍሉ፤ ለውኃ ማሞቂያው ደግሞ አርዝ ያለው የራሱ መስመር ይዘርጉ።

ውኃውን በባልዲ ይለኩ። አንድ ራስ 25 ሊትር ከፈጀ 20 ሰው በቀን 500 ሊትር ነው፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ቀን ያቆያል። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ሥራም ይኑር፦ ሹሩባ፣ ሚሽ፣ ፔዲኪዩር።

3. የመጀመሪያው ወር

ዋጋ አይንኩ፣ ሰው አይቀይሩ፣ ቀለም አይቀቡ። አንድ ደብተር ይግዙና ቀኑን፣ ሥራውን፣ የሠሪዋን ስም፣ የተከፈለውንና የፈጀውን ደቂቃ ይጻፉ። ኬሚካሉን በወጥ ቤት ሚዛን ከሥራ በፊትና በኋላ ይመዝኑ። አንድ ኪሎ ሪላክሰር (ፀጉር የሚያቃና ኬሚካል) ለአንድ ሰው በ80 ግራም ሒሳብ 12 ሰው ይሠራል፤ ከ8 ሰው በኋላ ካለቀ አንድም በገፍ ይቀባል፣ አንድም ቤት ይሄዳል። ይህን ደብተር ሳያዩ ዋጋ የሚጨምሩ ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨምሩት ትርፍ ባለው ሥራ ላይ ነው፤ የሚያከስራቸው ፎን ግን እንዳለ ይቀራል።

4. ኬሚካልና ንጽሕና

ሪላክሰር የሚቀባው አዲስ በበቀለው ፀጉር ላይ ብቻ ነው። ፀጉር በወር 1.25 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከ8 ሳምንት በፊት መድገም አሮጌው ላይ መደራረብ ነው፤ ፀጉሩም የሚበጠሰው ልክ ድርቡ ያለፈበት መስመር ላይ ነው። ባለፉት 48 ሰዓታት ያልታጠበና ያልታከከ ራስ ይምረጡ፣ የግንባሩን ዳርና ጆሮውን ቫዝሊን ይቀቡ። ደንበኛዋ «አቃጠለኝ» ካለች «ትንሽ ታገሺ» አይባልም፤ ወዲያው ይታጠባል። ኬሚካሉን የሚያመክነው ባለ ቀለም ኒውትራላይዘር ሻምፖ አረፋው ነጭ እስኪሆን ይደጋገማል። ከሁለት ዕቃ የሚቀላቀለው የሪላክሰር ዓይነት ትርፉ ለነገ አይቀመጥም።

ቀለም ከመቀባቱ 48 ሰዓት በፊት ከጆሮ ጀርባ ይሞከራል። ጥቁር ሂና አሳክኳት ወይም አሳብጧት የሚያውቅ ሴት በቀለሙም ልትጎዳ ትችላለች፤ በሁለቱም ውስጥ ያው ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ሊኖር ይችላል።

ቆረቆር በማበጠሪያ ይተላለፋል። የቀረበትን ፀጉር አራግፈው ማበጠሪያውን በሳሙና ካጠቡ በኋላ፣ ባለ 5 በመቶ በረኪና አንዱን እጅ ከ9 እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለው 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ውሁዱ በየቀኑ ይቀየራል። መቀስን በረኪና ያዝገዋል፣ ለእሱ 70 በመቶ አልኮል ይጠቀሙ። ክረምት ላይ ፎጣ ቶሎ ስለማይደርቅ ከበጋው አንድ ዙር ትርፍ ፎጣ ያስፈልጋል።

5. መደርደሪያው

ደንቡ አንድ ነው፦ ራስ ላይ የማትጠቀሙበትን አትሽጡ። ሠሪዋ እየቀባች «ይሄ ነው» ያለችው ዕቃ ያለ ማስታወቂያ ይሸጣል። ከ10 እስከ 12 ዓይነት ዕቃ ይጀምሩ፦ ሻምፖ፣ ኮንዲሽነር፣ የጉሎና የኮኮናት ዘይት፣ የሳቲን ሻሽ፣ ሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ፣ ሚሽ በሁለት ሦስት ቀለም። ፀሐይ መከላከያም ይጨምሩ፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ማዲያት ያስጨነቃት ሴትም ሆነች በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር እንግዳ ኤስ ፒ ኤፍ 30 ይፈልጋሉ። በየ2 ሰዓቱ እንደሚደገም ይንገሯቸው።

የሚያነጣ ክሬም በፍጥነት ይሸጣል፤ ያም ሆኖ አያስገቡት። ሃይድሮኪኖን፣ ሜርኩሪ ወይም እንደ ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ቆዳ ይጎዳል፤ ስቴሮይዱ ቆዳ ያሳሳል፣ ሜርኩሪው ኩላሊት ይጎዳል። የይዘት ዝርዝርና ባች ቁጥር (የምርት ዙር መለያ) የሌለውን ዕቃ በሙሉ ይመልሱ።

ትርፉን እንዲህ ያስሉ። በጅምላ 400 ብር የተገዛ፣ 15 ብር መጓጓዣ የወጣበት ሻምፖ በ560 ሲሸጥ ሠሪዋ 5 በመቶ፣ ማለትም 28 ብር ታገኛለች። የሚቀረው 117 ብር ነው፤ ከሽያጩ 21 በመቶ ያህል። 160ን ለ400 አካፍሎ «40 በመቶ አተረፍኩ» የሚል ሰው ኪራይ ሲደርስ ይደነግጣል። በወር 6 የሚሸጥና ከአዲስ አበባ ለመምጣት ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ዕቃ 5 ሲቀር ይታዘዛል፦ 3ቱ አዲሱ እስኪደርስ የሚሸጡ፣ 2ቱ ለመጠባበቂያ። ፈሳሹን ሲያስልኩ ክዳኑን በፕላስተር ያስጠቅልሉ፤ የአባይ በረሃ ሙቀትና የመኪናው መናጥ ክዳን ያላላል።

የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ነጭ ሆኖ ሲታይ «ተበላሽቷል» ይባላል፤ ጠርሙሱን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ያሳዩ።

የሥራውን ሻምፖ ከሚሸጠው ለይተው ያስቀምጡ። ከመደርደሪያ ወርዶ ራስ ላይ የዋለ ሁሉ ይፈረምበት፤ ሰኞ ሰኞ ይቆጠር።

6. ወቅቱ

ከጥምቀት እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ይበዛል። በጾሙ 55 ቀን ውስጥ ለሠራተኞች ዕረፍት ይስጡ፣ ጥገናም ያኔ ይሁን። ዕቃ የሚሞላው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው።

ለሙሽራ ከቀብድ ጋር ሰዓት ይያዝላት፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አዲስ ኬሚካል አይሞከርባትም። ሙሽራዋ 2 ሰዓት፣ 5 ሚዜዎች እያንዳንዳቸው 1 ሰዓት ከፈጁ፣ አንዷ ሠሪ ሙሽራዋን ስትይዝ ሁለቱ ሚዜዎቹን በ3 ሰዓት ይጨርሳሉ። መኪናው 4 ሰዓት ላይ የሚደርስ ከሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ትርፍ ተይዞ፣ የመጀመሪያዋ ሚዜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ መገኘት አለባት።