በጉልበተኞች ስድብ ምክንያት ምግብ የሚሸሽን ልጅ መርዳት፦ አሜሪካ ላሉ ወላጆች

በሰውነቱ ቅርጽ ወይም በተመሳሳይ ፆታ ይሳባል ተብሎ የሚሰደብ ልጅ ምግብ መዝለል፣ ማስመለስ ወይም የማቅጠኛ ክኒን መዋጥ ሊጀምር ይችላል። ክብደቱ ደህና መምሰሉ አያታልላችሁ፤ ይህ የአመጋገብ መዛባት ሕመም ወንዶችንም ይይዛል።

ከምግብ በኋላ ወዲያው ሽንት ቤት መግባት፣ ማዞር፣ የወር አበባ መቅረት ምልክቶች ናቸው። ጾምም ሕመሙን ሊሸፍነው ይችላል፤ ፋሲካ አልፎም ካልበላ ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ የንስሐ አባቱንም አማክሩ።

ለብቻችሁ ሆናችሁ «ምሳህን ስትተው አያለሁ፤ ትምህርት ቤት ምን ይሉሃል?» ብላችሁ ጠይቁና አድምጡ። በእኛ ዘንድ «ወፈርሽ እኮ» ሰላምታ ነው፤ ከቤታችሁ ይቅር፣ እንግዶችንም አስቁሙ። በማን እንደሚሳብ ከነገራችሁ ያለፈቃዱ ለዘመድም ለመምህርም አትናገሩ። ቤት ውስጥ መገፋት ሕመሙን ያባብሳል።

የስድቡን ቀን፣ ቦታ፣ ቃልና ምስክር መዝግቡ፤ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አቅርቡ። የቃል አቤቱታ በቀላሉ ይረሳል። በ50ዎቹም ግዛቶች የፀረ ጉልበተኝነት ሕግ አለ። አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ፤ ልጁ ራሱ አያስተርጉም።

ሐኪሙ የልብ ምትና የደም ግፊት ልጁ ተኝቶም ቆሞም ይለካ፤ በደሙ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድንም ይመርመር፤ ማስመለስ ፖታሲየምን ቀንሶ የልብ ምትን ያዛባል። ለረጅም ጊዜ የተራበን ልጅ በአንዴ ብዙ አታብሉት፤ በደሙ ያለው ፎስፌት የሚባል ማዕድን በድንገት ወርዶ ልቡን ሊጎዳ ይችላል። ምግቡ በሐኪም ክትትል ይጨመር።

ነቅቶ እያለ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ50 በታች ከሆነ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ደም ካስመለሰ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ራሱን ስለማጥፋት ካነሳ ብቻውን አትተዉት፤ ወደ 988፣ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ወደተዘጋጀው የአሜሪካ የስልክ መስመር፣ ደውሉ።